ሴይቼንቶዬን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች

በግቢያችን ውስጥ ካሉት አሮጌ ነገሮች ሁሉ “ይታደስ ወይስ ይለወጥ?” ተብሎ ያልተመከረበት እኔ ብቻ ነኝ። የጣሪያው ቆርቆሮ ተመክሮበታል። የውሃ ጋኑ ተመክሮበታል። የባለቤቴ ጉልበት እንኳ ሐኪም ቤት ድረስ ሄዶ ተመክሮበታል። በኔ ጉዳይ ግን ቤተሰቡ ተስፋ የቆረጠው ቀደም ብሎ ነው። ባለፈው ክረምት ሲወጣ ታዲያ ተራው የሴይቼንቶዬ ሆነ።

ሴይቼንቶን ለማያውቅ ወጣት ልግለጻት። እንቁላል የመሰለች፣ ሞተሯን እንደ አንቀልባ ልጅ በጀርባዋ ያዘለች፣ አራት ሰው ተስማምቶ ከተነፈሰ የምትችል ትንሽ የጣሊያን መኪና ናት። ድሮ የከተማው ታክሲ እሷ ነበረች። የኔዋንም የገዛኋት ከታክሲ ነጂ ነው። ያኔ እሷ ዳገት ላይ ታለከልካለች፣ እኔና ባለቤቴ እንስቅባታለን። ዛሬ ሦስታችንም እናለከልካለን። ልዩነቱ እሷ ስታለከልክ ኮፈኗን ከፍቶ ውሃ የሚያጠጣት ሰው መኖሩ ነው።

ቤታችን ፈረንሳይ ሰፈር ነው፤ ከበራችን ቀና ሲሉ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ፊት ለፊት ነው። ባለቤቴ በየወሩ በማርያም ቀን እንጦጦ ማርያምን ትሳለማለች፤ የማደርሳት ደግሞ እኔ ነኝ። “በትዳራችን ውስጥ ሳታቋርጥ የሠራኸው ብቸኛ ሥራ” ትለዋለች። አልከራከራትም፤ አንድም ቢሆን መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

አወጣጣችን የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱ ሲጠና ሴይቼንቶዋ ትሞቃለች። ከላይ ካለው ትልቁ ኩርባ ስትደርስ በቃኝ ትላለች። በቃኝ ብላ ብትቆም ባልከፋ፤ ወደ ኋላ መንሸራተት ያምራታል። የእጅ ፍሬን የላትም። እጀታው በእርግጥ አለ፤ ሲጎትቱትም ቀጭ ቀጭ የሚል ደስ የሚል ድምፅ አለው፤ መኪናዋን ግን አይዝም። ስለዚህ እኔ በእግሬ ፍሬኑን ረግጬ “ታኮ!” እላለሁ። ባለቤቴ ከእግሯ ሥር የተቀመጠውን ድንጋይ አንስታ ትወርድና ከኋላ ጎማው ሥር ትሸጉጠዋለች። “ገባ?” እላለሁ። “ገባ!” ትላለች። እኔ እግሬን አነሳለሁ፣ ሞተሩ እስኪበርድ እንጠብቃለን፣ ከዚያ በተገላቢጦሽ እንዲሁ አድርገን መንገዳችንን እንቀጥላለን።

ድንጋዩ ከቤታችን ዕቃ ሁሉ ጸንቶ የኖረ ነው። በአንድ በኩል ዝርግ፣ በሌላው እንደ ሽብልቅ የሾለ፤ በእጅ ብዛት ሙልጭ ያለ። ሰዎች “የእጅ ፍሬኑን ለምን አታሠራውም?” ሲሉኝ “አግብቼዋለሁ እኮ” እላቸው ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል። ባለቤቴ በዚህ ቀልድ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። ብልህ ሰው ቢሆን ይህን ልብ ይል ነበር፤ መኪናውን የሚነዳው ግን እኔ ነበርኩ።

ነገር የተበላሸው መስከረም ላይ ነው። ኩርባው ላይ ደረስን፤ “ታኮ!” አልኩ። ባለቤቴ ድንጋዩን ይዛ ወረደች፤ አንድ እርምጃ እንደሄደች ግን ጉልበቷ ያዛት። እኔም እሷን አያለሁ ብዬ እግሬን ላላ አደረግሁ። ሴይቼንቶዋ ይህን ስትጠብቅ እንደኖረች ሁሉ ቀስ ብላ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። እኔ መሪውን ይዤ ወደ ታች፣ ባለቤቴ ድንጋይ ይዛ እያነከሰች ከፊት ለፊቴ፣ ነጠላዋ በነፋስ ይውለበለባል። ደግነቱ በእንጦጦ መንገድ ላይ ሯጭ አይጠፋም። ሁለት ወጣቶች ልምምድ ላይ ነበሩ። አንደኛው ትከሻውን ሰጥቶ መኪናዋን ያዘ። ሁለተኛው ስልኩን አውጥቶ ቀረጸን። ሥራ ተከፋፈሉ ማለት ነው።

በቪዲዮው ውስጥ የኔ ፊት አይታይም። የምትታየው ወደ ኋላ የምትሸሽ ትንሽ መኪናና ድንጋይ ይዛ የምትከተላት ነጭ የለበሰች ሴት ናት። ከሥሩ “እማማ መኪናውን ሊወግሩት ነው” የሚል ተጽፎበታል። ልጃችን የምትኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ቪዲዮው ከእንጦጦ አያት ለመድረስ ከሴይቼንቶዋ እጅግ የፈጠነ ነበር፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጃችን በራችን ላይ ቆማለች።

“አባዬ፣ እማዬን ልትገድላት ነው?”

“እኔ? በድንጋይ የምታባርረኝ እኮ እሷ ናት። ቪዲዮውን ደህና አድርገሽ እዪው።”

“አልሳቅኩም።”

“እኔም አልሳቅኩም። ወደ ኋላ እየሄዱ መሳቅ ያስቸግራል።”

ልጃችን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት፤ ራሷም የምትነዳው ድምፅ የሌላት የባትሪ መኪና ነው። ግቢያችን ስትገባ የጎረቤት ውሻ እንኳ አይጮህባትም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

“ስማኝ፣ ሁለት ኦፕሽን አለህ። አንደኛ፣ ያንን ሞተር አውጥተን በባትሪ ኮንቨርት እናደርጋታለን። የሚሠሩልኝ ልጆች አሉ። ዳገቱን እንደ ሊፍት ነው የምትወጣልህ። ሁለተኛ፣ ካልሆነ እማዬን በየወሩ እኔ እወስዳታለሁ።”

“ሦስተኛስ?”

“ሦስተኛ የለም።”

“አለ እንጂ። ወደ ኦሪጅናሏ ትመለስ። ከፋብሪካ ስትወጣ እንደነበረችው። ያኔ እኮ እንጦጦን እያፏጨች ነበር የምትወጣው።”

“አይተሃል?”

“ሰምቻለሁ።”

“ከማን?”

“ከሸጠልኝ ሰውዬ።”

ልጄ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ላይ ላዩን ጥያቄው የመኪና ጥያቄ ነው፤ ትታደስ ወይስ ትለወጥ? ለኔ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ነበረበት፤ ባለቤቴን እንጦጦ የማደርሳት እኔ ሆኜ እቀጥላለሁ ወይስ በማርያም ቀን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ “በሰላም ግቡ” እላለሁ? ባትሪ የገባላት ሴይቼንቶ የልጄ መኪና ናት፤ እሷ ናት የምታውቃት፣ እሷ ናት የምታክማት። እኔ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ መንገደኛ ነኝ። ስለዚህ “ኦሪጅናል!” ብዬ ጸናሁ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ማታ ስልክ ስትደውል “ኦሪጅናል” ብዬ ነበር የማነሳው።

ልጄም የአባቷ ልጅ ናት፤ ቀጥታው መንገድ ሲዘጋባት ዞረች። በእሑድ ረፋድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ፊት ያሉት ከስልጤ መጥተው ከኛ ጋር ያረጁት ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፤ የብረታ ብረት ሱቅ አላቸው። ቀጥሎ የሴይቼንቶዬ መካኒክ የሆነው እኩያዬ ነው። ከኋላ የእድራችን ዳኛ አሉ፤ እሳቸው ለሽምግልና በተጠሩበት ሁሉ ይገኛሉ፣ ከምግብ በፊት ግን አይናገሩም።

“ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።”

“አንቀመጥም” አሉ ሐጂ። “ለጉዳይ ነው የመጣነው። እሺ ሳንባል አንቀመጥም።”

ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። ገርሞኝ “ልጄን ከሆነ እሷ እንኳን ለኔ ለመንግሥትም አትታዘዝም፤ ራሷን ጠይቋት” አልኩ።

“ልጅህ ናት የላከችን።”

“ታዲያ ማንን ልትጠይቁ ነው?”

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “በዚህ ግቢ ያደገች፣ ጠባየ ሸጋ፣ ቀለሟ ትንሽ የለቀቀ፣ ከኋላዋ ሞላ ያለች ልጅ አለች ሲሉ ሰምተን ነው።”

ያኔ ገባኝ። ከሐጂ ትከሻ በላይ አሻግሬ ባይ ልጄ መንገዱ ላይ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ታደምጣለች። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማን አባቷ አስተማራት አልል፤ አውቀዋለሁ። የሙሽራ አባት ፊቴን አጠለቅሁና ክንዴን አጣመርኩ።

“ለማን ነው የምትጠይቋት?”

“ለባትሪ” አሉ ሐጂ።

“ዘሩ ከወዴት ነው?”

“በአባቱም በእናቱም ቻይና።”

“ይጠጣል?”

“አስተግፊሩላህ! አንዲት ጠብታ ቤንዚን አይነካም።”

“ቁጣስ? እጁን ያነሳል?”

“ድምፁ እንኳ አይሰማም” አለ መካኒኩ። “ማታ ማታ ሶኬት ይዞ ይተኛል፣ በቃ።”

“እንዲህ ያለ ባል እኔም እፈልግ ነበር” የሚል ድምፅ ከጓዳ ተሰማ። ባለቤቴ ናት። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ፤ ዳኛው ግን ጓዳው ወዴት እንደሆነ ስላወቁ አንገታቸውን ወደዚያ አቀኑ።

እኔም በወጉ መሠረት መለስኩ። ልጅቷ ገና ናት፣ ዘመድ አዝማድ አላማከርኩም፣ በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ በሚቀጥለው እሑድ ተመለሱ አልኳቸው። ከዚያም ሳልጠየቅ ጨመርኩበት፤ “ለነገሩ ልጅቷ ኦሪጅናል ናት። ኦሪጅናል ልጅ ደግሞ ለመጣ ሁሉ አትሰጥም።”

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። መካኒኩ ዓይኖቹ በሩ።

“ኦሪጅናል? ማ? ነገ መጥቼ ልመርምራትና ኦሪጅናልነቷን አብረን እናያለን።”

“አንተ እኮ የወንዱ ወገን ሆነህ ነው የመጣኸው!”

“ሐኪም ወገን የለውም” አለ፤ በሕይወቱ አንድ ቀን ያለ ወገን ክርክር ገብቶ የማያውቅ ሰውዬ።

በማግስቱ ጠዋት ሲመጣ ግማሽ ሰፈር እንዲሰማው አድርጎ ነው የመጣው። ይህ ሰው ስለ ሞተር ሲናገር እንደ ሰባኪ ነው፤ አንዳንዴም እንደ ሰባኪ የማያውቀውን ይጨምርበታል። ከኪሱ ሳንቲም አወጣና በበሩ ላይ ያለውን ግራጫ ቀለም ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከሥሩ ቀይ ወጣ። ቀዩን ፋቀው፤ የታክሲው ሰማያዊ ወጣ። ሰማያዊውን ፋቀው፤ ሌላ ቀይ ወጣ። ከዚያ ሥር ደግሞ የተበላሸ ወተት የሚመስል ነገር።

“እንደ ሽንኩርት ናት” አለ። “የትኛው ነው ኦሪጅናልህ?”

“የመጨረሻው።”

“የመጨረሻው ቀዳዳ የተደፈነበት እስቱኮ ነው።”

ገባና የማርሹን እጀታ ያዘ። “ይሄስ?”

“እሱ ኦሪጅናል ነው!”

“ይሄ የቁም ሳጥን መያዣ ነው። እኔው ነኝ የገጠምኩልህ። ወንበሩ የሚኒባስ ነው። የግራው መብራት የሞተር ሳይክል ነው። በሩ ከሌላ ሴይቼንቶ የመጣ ነው፤ ለዚህ ነው ነፋስ ሲመጣ የሚያለቅሰው።”

“ሞተሩስ? ሞተሯ የራሷ ነው።”

መካኒኩ አዘነልኝ መሰለኝ ድምፁን ቀነሰ። ለእሱ መቀነስ ማለት ሁለት ቤት ድረስ ብቻ መሰማት ነው። “ሞተሩን እኮ ከቀበናው ሰውዬ መኪና ነው ያወጣንላት። አንተው ነህ ጎትተህ ያመጣኸው። ረሳኸው እንዴ?”

“ታዲያ ከፋብሪካ የመጣው ምኗ ነው?”

“እኔ እንጃ። አንተስ? አንተ ኦሪጅናል ነህ?”

ሰው ሠራሽ ጥርሴን በምላሴ ነካ አደረግሁ።

መካኒኩ ቀጠለ። የእጅ ፍሬኑን እጀታ ስቦ ቀጭ ቀጭ አሰኘው፣ ከሥሩ ተጋድሞ አየና “ፍሬኑን የሚስበው ካቦ የለም፤ ብን ብሎ ጠፍቷል” አለ። ቀጥሎ እጁን በባለቤቴ መቀመጫ ፊት ወዳለችው የብረት መያዣ ሰደደ። የአሮጌ ባልዲ እጀታ ናት፤ በሁለት ብሎን ያሰርኳት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ኩርባው ላይ እንድትይዛት። የባለቤቴ እጅ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ብር ያብረቀርቃል።

“ወደ ፋብሪካው እንመልሳት ካልክ ይሄ ሁሉ ይነቀላል። ይቺም።”

“ይቺማ አትነቀልም።”

“ፋብሪካው አልሠራትማ።”

“ፋብሪካው እንጦጦን መች ያውቀዋል?”

እሱ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ፤ እኔ ግን ሴይቼንቶዋ ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ። አስቸጋሪ ነገር ነው። ኦሪጅናል ብዬ ባሸንፍ የማላውቃት ሴት ከነወተት ቀለሟ ልትመጣልኝ ነው። ልጄ ብታሸንፍም የማላውቃት ልትመጣ ነው፤ ያቺኛዋ ደግሞ ቻይንኛ የምትናገር። እኔ የምፈልገው ይቺኑ የቁም ሳጥን እጀታ ያላትን፣ በነፋስ የምታለቅሰውን ነበር። ይህን ግን ለሰው እንዴት ብዬ ልንገር? “አትታደስ፣ አትለወጥ፣ እንዲሁ ትብላን” ይባላል? ባለቤቴ ኩርባው ላይ እንዳነከሰች በዓይኔ ላይ ትዞራለች።

እሑድ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ መጡ። አሁንም ግቢው መሐል ቆሙ። ልጄ በዚህኛው ጊዜ ከመኪናዋ ወርዳ ከሐጂ ጎን ቆመች። ባለቤቴ ደግሞ ከወጡ ላይ ተነስታ በወዲያ በኩል ነጠላዎቿን ታሰጣለች፤ ነገራችን የማይመለከታት ይመስል ጀርባዋን ሰጥታናለች።

“ምን ወሰንክ?” አሉ ሐጂ።

“ኦሪጅናል” አልኩ፤ ከልማድ ነው።

መካኒኩ ሳቀ። “የቱ? እስቱኮው?”

“አባዬ፣ ምንም ኦሪጅናል ነገር ከሌላት መለወጡ ምን ይጎዳታል?” አለች ልጄ። ክርክር ሲገባ ፊቷ የእናቷ፣ አፏ የኔ ነው። “ዕድሜዋን ሙሉ ስትለወጥ ነው የኖረችው። አንድ ለውጥ ብቻ እንጨምርላት!”

ሐጂ ለማስታረቅ ገቡ፤ ቀለሙ ይቆይ፣ ሞተሩ ይሂድ አሉ። መካኒኩ አይ ሞተሩ ይቆይ፣ አካሏ በሙሉ በአዲስ ላሜራ ይሠራ አለ። እኔ ሁለቱንም ተቃወምኩ። ልጄ ሁላችንንም ተቃወመች። ዳኛው ወደ ወጡ ሽታ ዞረው ቆመዋል። ድምፃችን ከፍ ብሎ ማን ምን እንደሚል በማይለይበት ሰዓት ባለቤቴ የልብሱን ሳፋ መሬት ላይ ጓ አድርጋ ጣለችው።

“ጨረሳችሁ?”

ጨርሰናል።

“ከእናንተ ውስጥ እኔን የጠየቀኝ አለ?” ዓይኗ ወደኔ መጣ። “እርስዎስ ጠይቀውኛል?”

ባለቤቴ አንቱ የምትለኝ ስትቆጣ ብቻ ነው። ባለፈው አንቱ ያለችኝ ጊዜ ለሳምንት ያህል በቤቴ ውስጥ እንግዳ ሆኜ ነበር።

“አንቺ ልጅ” አለች ወደ ልጃችን ዞራ፣ “ባትሪሽ ድምፅ የለውም አይደል? በመኪናሽ አባትሽንና እኔን መርካቶ የወሰድሽን ቀን እሱ የተናገረው አንድ ሳይቀር ተሰማኝ። አንድ ሳይቀር! እኔ ከሽሮ ሜዳ እስከ ላይ ውዳሴ ማርያሜን የምደግመው ያ ሞተር ስለሚጮህ ነው። እሱ ያወራል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ በሰላም ነው የምንኖረው። ይህን ልትወስጂብኝ ነው?”

ሐጂ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

“እናንተም ኦሪጅናል፣ ኦሪጅናል ትላላችሁ። እኔ ያገባሁት ፋብሪካውን አይደለም።”

“ታዲያ ምን ይደረግልሽ?” አልኳት።

“የእጅ ፍሬን።”

“ምን?”

“የእጅ ፍሬን! ይቺ ልጅ ሳትወለድ ነው የጠየቅኩህ። ሁለት ነገር ጠየቅኩህ፤ የእጅ ፍሬኑ ላልቷልና አሠራልኝ፣ ልብስ ማስጫ ደግሞ ስቀልልኝ አልኩ። ልብስ ማስጫውን በዚያው ሳምንት ሰቀልክልኝ፤ እውነት ለመናገር ጎበዝ ነህ። የእጅ ፍሬኑ ግን ይኸው እኔ ሆንኩ።”

የሚንቀሳቀሰው መካኒኩ ብቻ ነበር። አፉን ከፍቶ ከባለቤቴ ጀርባ ወዳለው የልብስ ማስጫ ያያል። ሄደ፤ በእርጥቡ ነጠላ ሥር ጎንበስ ብሎ አለፈና ከግድግዳው ሚስማር ላይ የተጠመጠመውን ጫፍ በጣቱ ዳበሰ።

“አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ገመድ ነው።”

“የብረት ገመድ ነው። ይሄ ጫፉ ላይ ያለው ጉብታስ?”

“እንዳያመልጥ ነዋ።”

“ይሄ የሴይቼንቶ የእጅ ፍሬን ካቦ ነው!” ብሎ ጮኸ። “ከሽቦ ጋር ቀጥለህ ሰቅለኸዋል! ከዚያች መኪና ከፋብሪካ የመጣ አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው፤ እሱም ነጠላ ይሰጣበታል!”

በማርያም እላለሁ፣ ረስቼው ነበር። ሲያስታውሱኝ ግን ትንሽ ትንሽ መጣልኝ። ፍሬኑ ላልቷል አለችኝ፤ ከላላማ አይሠራም ብዬ ፈታሁት፤ ልብስ ማስጫም ጠይቃኛለች፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ አልኩ እንዳልል ወፏ አንድ፣ ድንጋዩ ደግሞ የባለቤቴ ሆኖ ቀረ። መርሳቴን ማንም አላመነኝም፤ እኔም ብዙ አልገፋሁበትም።

ባለቤቴ ቀስ ብላ ወደ ገመዱ ሄደች። ከነጠላዎቿ አንዱን አንስታ ጠርዙ ላይ ያለውን ቡናማ መስመር አየችው።

“የዝገቱ እድፍ!” አለች። “እኔ ስንት ዓመት ውሃው ነው እያልኩ ውሃ ልማትን ስረግም!”

ከዚያ ሳቀች። መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ ልጄ፣ ቀጥሎ ሐጂ ጋቢያቸውን ጥለው። ዳኛው ሳይቀሩ ምግብ ሳይቀርብ ሳቁ። በኔ ቀልድ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ለካ ቀልዱ ሳላውቅ ግቢው መሐል ተሰቅሎ ኖሯል።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ያኔ ነው። እንደ ወጉ ቃል የሚሰጠው አባት ነው፤ የዚያን ቀን የሰጠችው ግን እናት ናት። “ልጅቷን አልሰጥም። መጀመሪያ ትታከም። ፍሬኗ ከያዘ እንዲሁ እንዳለች ትኖራለች፤ ካልያዘ ባትሪውም ልጄም የፈለጉትን ያድርጉ፤ እኔም በልጄ መኪና እሄዳለሁ።” ልጄ አንድ ነገር ጨመረች፤ የመጀመሪያውን ቀን ከኋላችን በራሷ መኪና ልትከተለን።

ጥገናው የሁሉም ሆነ። አሮጌው ካቦ በዝገት ተበልቷል፤ ስለዚህ ሐጂ ከሱቃቸው አዲስ የብረት ገመድ ሰጡ፤ መካኒኩ ጫፉን ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ገጠመው፣ እንዴት እንደገጠመውም ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። እንግዲህ ያቺ የመጨረሻዋ ኦሪጅናል ዕቃም ወደ መኪናዋ አልተመለሰችም። “ልብስ ማስጫዬን ማን ፈቀደላችሁ?” ስላለች ባለቤቴ፣ አሮጌው ካቦ የላስቲክ ቱቦ ለብሶ ወደ ሚስማሩ ተመለሰ። በሩ ላይ የተፋቀውንም ቦታ አላስቀባሁትም፤ ሁሉም ቀለም እንደ ቀለበት ተደራርቦ ይታያል። ኦሪጅናሏ የቱ ነው የሚለኝ ሰው ሲመጣ ጣቴን እዚያ ላይ አደርጋለሁ።

የማርያም ቀን ደረሰ። ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች፤ አንድ እጇን ባልዲው እጀታ ላይ አደረገች፤ ድንጋዩንም ከእግሯ ሥር አስቀመጠች።

“ድንጋዩ ለምንድን ነው?” አልኳት።

“ንዳ አንተ።”

ነዳሁ። በሽሮ ሜዳ አለፍን። ሞተሩ መጮህ ጀመረ፤ እኔም ማውራት ጀመርኩ፤ የእሷም ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ሁሉም በየቦታው ነበር። በመስታወቱ ውስጥ የልጄ ነጭ መኪና ድምፅ ሳታሰማ እንደ ሕሊና ትከተለናለች። ሯጮች በቀኝ በግራ ያልፉናል። አንዱ ባለቤቴን ለይቷት “እማማ! ድንጋዩስ?” አለ። ድንጋዩን በመስኮት ከፍ አድርጋ አሳየችው።

ኩርባው ላይ ሴይቼንቶዋ ተንፍሳ ቆመች። “ታ…” ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት። የባለቤቴ እጅ ግን በሩን ከፍቶታል። ሁለታችንም ተያየን። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሞተሩን አጠፋሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ የእንቁላል ቅርጫት ላይ የቆምኩ ያህል፣ እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሳሁ።

ያዘ።

“ይዟል?” አለች።

“ይዟል።”

በሩን መልሳ ዘጋችው። በዚያ ኩርባ ላይ ስንቆም ሁለታችንም አብረን ተቀምጠን አናውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ እሷ ውጭ ናት፣ እኔ ውስጥ ነኝ። ከኋላ ውሃው ይንጣጣል፤ በላይ በባሕር ዛፉ ነፋስ ያልፋል። ከዚያ በስተቀር ምንም ድምፅ የለም።

“በል እንግዲህ” አለች።

“ምን ልበል?”

“ሞተሩ ጠፍቷል። ይሰማኛል።”

ዕድሜ ልኬን ይህን መንገድ ሳወራ የወጣሁ ሰው የምለው ጠፋኝ። ስለ መንግሥት ልጀምር አልኩ። ስለ መካኒኩ ልጀምር አልኩ። መጨረሻ ላይ የወጣው ሌላ ነው።

“ጉልበትሽ እንዴት ነው?”

ዞር ብላ አየችኝ። ቀልድ ሊከተል ነው ብላ ትንሽ ጠበቀች። አልተከተለም።

“ያመኛል” አለች።

“ብዙ?”

“ስወርድ ይብሳል። ዛሬ ግን አልወረድኩም።”

እንዲህ እንደተቀመጥን ልጃችን መኪናዋን ዳር አቁማ ዳገቱን በእግሯ መጣች። መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለች፤ ታለከልካለች፤ ለነገሩ ባትሪ መኪናውን እንጂ ሰውን አይጠቅምም።

“ምን ሆናችሁ? ተበላሸች? ለምን አትሄዱም?”

“ምንም አልሆንንም” አለች እናቷ። “እየተጫወትን ነው። ሂጂ፣ መኪናሽ ውስጥ ጠብቂን።” ልጅቷ ልትሄድ ስትዞር ግን ጠራቻት። “ነይማ! ይሄን ከኋላ ጎማው ሥር ሸጉጪልኝ።” ድንጋዩን በመስኮት አቀበለቻት።

ልጄ ድንጋዩን በሁለት እጇ ተቀብላ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። “ፍሬኑ ይዟል አይደል እንዴ?”

“ይዟል። አባትሽን ግን አውቀዋለሁ።”

መሐንዲሷ ልጄ ከሴይቼንቶዋ ኋላ ሄዳ አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ አለች።

“ገባ?” ብዬ ጮህኩ።

“ገባ!” አለች።

ያኔ ባለቤቴ እጇን ከባልዲው እጀታ ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አሳረፈችው።